ሎሬታ በሕግ ፀጉር ልትቆርጥ ስትል

በፎርት ደንሞር ጦር ሰፈር ከኮሎኔሉ ሚስት ጀምሮ እስከ እኔ፣ እስከ መካኒኩ ሃምሳ አለቃ ሚስት ድረስ፣ ፀጉራችንን የምንሠራው በሕገወጥ መንገድ ነበር። ወንጀሉ የሚፈጸመው በሎሬታ ፒትማን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ነው። የሰፈሩ ፖሊሶች እንኳ ሚስቶቻቸውን በጓሮ በር አድርሰው፣ ሞተር ሳያጠፉ ይጠብቁ ነበር።

ሎሬታ ሙያ አጥታ እንዳይመስላችሁ። ገና በልጅነቷ ተምራ፣ ተፈትና፣ ፈቃድ ያወጣች ፀጉር ሠሪ ናት። ጥፋቷ ወታደር ማግባቷ ነው። ባሏ ድዌይን ዝምተኛ፣ ደግ፣ ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው፤ ግን ሠራዊቱ በሁለት በሦስት ዓመቱ ከአንዱ ግዛት ነቅሎ ሌላው ላይ ይተክለዋል። በአገራችን የጠመንጃ አተኳኮስ በሁሉም ግዛት አንድ ነው፤ የፀጉር አቆራረጥ ግን በየግዛቱ ይለያያል። ድዌይን ታንክ ይዞ ድንበር ሲሻገር ፈቃድህን አሳይ የሚለው የለም። ሎሬታ መቀስ ይዛ ስትሻገር ግን ያወጣችው ፈቃድ አይሠራም፤ አላዋቂ ትሆናለች።

ነፋስ የማያባራበት ግዛት ሲኖሩ ስለ ንጽሕና ትምህርት ድገሚ አሏት፤ ደገመች። አዞ የሚበዛበት ግዛት ሲሄዱ ደግሞ በፕላስቲክ ጭንቅላት ላይ ፀጉር ጠቅልለሽ አሳዪን አሏት፤ ጠቀለለች። ፈቃዱ በፖስታ በደረሰ ሳምንት የድዌይን ዝውውር መጣ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄው ነው።

እኛ ዘንድ ዕቃ ጫኞች ሲመጡ፣ መታሸግ የሌለበት ነገር ሁሉ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። ጫኞቹ ያገኙትን ያሽጋሉ። የእኔን የቆሻሻ ቅርጫት ከነቆሻሻው በወረቀት ጠቅልለው፣ «የሚሰበር» ብለው ጽፈውበት አገር አቋርጦ ተከትሎኛል። የሌላዋ ሴት ገንዳ ውስጥ ፓስፖርትና የልጆች የክትባት ካርድ ይገኛል። የሎሬታ ገንዳ ውስጥ መቀሶቿና ያ የፈተና ጭንቅላት ነበሩ። ድዌይን ጠዋት ሊታጠብ ገብቶ ባየው ቁጥር ይጮህ ነበር፤ ጦር ሜዳ የዋለ ሰው!

የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው። መንገድ ዳር መስኮት ያላት፣ ስሟ የተጻፈባት አንዲት ሱቅ። «ኖርማ፣» ትለኝ ነበር፣ «አንድ ቀን ሰው በፊት ለፊት በር ቢገባልኝ።» ከሰፈሩ ውጭ፣ ከንቅሳት ቤቱ ጎን፣ የተዘጋ ዶናት ቤት ነበር። በዚያ ባለፍን ቁጥር መኪናዋን ቀስ ታደርጋለች። እኔም ያላየሁ እመስላለሁ።

ታዲያ የግዛቱ እንደራሴዎች ምርጫ ሲደርስ የወታደር ሚስት ትዝ አለቻቸው። አዲስ ሕግ አወጡ። ጋዜጣው ላይ አይቼ ሎሬታ ዘንድ በሩጫ ሄድኩ፤ ማለቴ ፀጉሬን ቀለም የምቀባበት ቀንም ነበር።

«ሰማሽ አንቺ? የወታደር ሚስት ከሌላ ግዛት ያመጣችው ፈቃድ እዚህ ይሠራላታል ተብሏል። ፈተና የለ፣ ትምህርት የለ!»

«ጭንቅላትሽን አትነቅንቂ፣ ቀለሙ ዓይንሽ ይገባል።»

«እውነቴን ነው። የባልሽን የምድብ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚጠይቁት።»

«እነሱ ብቻ ሲሉ ነው የምፈራው» አለች። ግን እጇ ቆሟል። ጓንቷን አውልቃ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደወለች። እውነት ነው አሏት። ስልኩን ዘግታ፣ ቀለሙ እራሴ ላይ እየፈላ፣ ስለ ዶናት ቤቱ ግድግዳ ማውራት ጀመረች። ቢጫ ይቀባ ወይስ ነጭ? እንደዚያ ስትለፈልፍ አይቻት አላውቅም። ደስ አለኝ።

በዚህ መሐል ድዌይን እጁን ወደኋላ አድርጎ ገባ።

«ድዌይን፣ የምድብ ትእዛዝህን ስጠኝ፤ አሁኑኑ!»

«ከሱ የተሻለ አለኝ» ብሎ ከጀርባው ወረቀት አወጣ።

የሎሬታ ፊት ጠቆረ። ከሃያ ዓመት ወዲህ ባሏ ወረቀት ይዞ ሲገባ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። «የት ነው? ኮሪያ? አላስካ? ንገረኝና ልገላገል።»

«የትም» አለ። «የትም አንሄድም፣ ሎሬ። ጡረታ ጠይቄ ተፈቀደልኝ። ሳልነግርሽ የቆየሁት ላስደስትሽ ብዬ ነው። አሁን ሱቅሽን ክፈቺ።»

ተቃቀፉ። እሷ አለቀሰች፣ እሱ አለቀሰ፣ እኔም ፀጉሬን በፎይል ተጠቅልዬ አለቀስኩ። ከዚያ ይሄ የማያርፍ አፌ «እስቲ ለቢሮው ይህንንም ንገሪያቸው፤ ይበልጥ ይፈጥንልሻል» አለ።

ደወለች። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው። የቢሮው ሴት ድምፅ ማር ነው።

«እንኳን ደስ አላችሁ እመቤቴ! ባለቤትዎን ስለ አገልግሎታቸው እናመሰግናለን። እንግዲያው ሕጉ እርስዎን አይመለከትም።»

«ምን አሉኝ?»

«ሕጉ የወታደር ሚስት ነው የሚለው።»

«እኔ ምንድን ነኝና?»

«ባለቤትዎ ሲሰናበቱ የጡረተኛ ሚስት ይሆናሉ።»

«እስኪሰናበትስ?»

«እስከዚያማ በደስታ እንሰጥዎታለን! ፈቃዱ የሚጸናው ግን የምድብ ትእዛዙ እስከጸና ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ነዋሪ ያመለክታሉ። እዚህ ላይ ሳየው የተማሩበት ሰዓት ለእኛ ግዛት ያንሳል፤ ትንሽ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ከመጀመሪያው ነው፣ እመቤቴ።»

እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ይባላል። እኔ ግን ሲገፉ እንዲህ በትሕትና ሲገፉ አይቼ አላውቅም። ድዌይን ወንበር ላይ ቁጭ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳልለው፣ ሃያ ዓመት ታግሦ ነው ያፈሰሰው።

«ልመልሰው እችላለሁ» አለ። «ወረቀቱን ልሳብና ልቀጥል።»

«ከቀጠልክስ?»

ወረቀቱን አጠፈ። «አላስካ» አለ።

ነገሩ ይሄ ነው እንግዲህ። ድዌይን ወታደር ሆኖ ከቀረ ፈቃዱ አለ፣ እነሱ ግን የሉም። ጡረታ ከወጣ እነሱ አሉ፣ ፈቃዱ የለም። ይህን ያሰበው ሰው ሕግ ከሚያወጣ ወጥመድ ቢሠራ ይሻለው ነበር። ተናደድኩ፤ የማይነገር ስድብም ተሳደብኩ። ሎሬታ ግን አልተሳደበችም። የባሏን ትከሻ ይዛ ቆየች።

«ተወው፣ ሆዴ። አንተ የታዘዝከውን ጨረስክ። እኔ ትምህርት ቤት እገባለሁ።» ከዚያ ዞር አለችና ጮኸች፦ «ኖርማ! ፀጉርሽ!»

ፀጉሬ ካሮት ሆኗል። በድዌይን የጡረታ ሽኝት ቀን እንዲሁ ካሮት ሆኜ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለባልየው ሜዳሊያ፣ ለሚስትየው እቅፍ ቢጫ ጽጌረዳና ጠርዙ ወርቃማ የሆነ የምስጋና ምስክር ወረቀት። ኮሎኔሉ ድምፁን ሞርዶ አነበበው። ስለ ጽናቷ፣ ስለ መሥዋዕትነቷ፣ ራሷን ስላለማስቀደሟ። ሎሬታ ተቀብላ ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ጌታዬ፣» አለች፣ ማይክሮፎኑ አጠገብ እንደሆነች ሳታውቅ፣ «ይሄ በየትኛው ግዛት ነው የሚሠራው?»

«በሁሉም እመቤቴ!» አለ ኮሎኔሉ እየሳቀ። «በሁሉም!» ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ድዌይን ብቻ ጫማውን ያይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የፀጉር ሥራ ትምህርት ቤቱ ድረስ በመኪናዬ ወሰድኳት። አዳራሹን የሞሉት ልጆቿ የሚሆኑ ናቸው፤ ግማሾቹ ማስቲካ ያኝካሉ። መዝጋቢዋ ልጅ ቀና ሳትል «ከዚህ በፊት ያገኙት የምስክር ወረቀት ካለ ያሳዩኝ» አለቻት። ሎሬታ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ጠርዙ ወርቃማ የሆነውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። መልሳ ገፋችላት።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ይሄ አይቆጠርም።»

«አውቃለሁ» አለች ሎሬታ። «እንዲያው ከሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው።»