በግራ ክንድ የታሰረ ቀኝ እጅ

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ያለበትን ከተማም አልናገርም። የምፈራው ሰው ኖሮ አይደለም። አጽሙ እስካሁን በሥራ ላይ ስለሆነ በእሱ የሚማሩትን ልጆች ማሳቀቅ አልፈልግም።

የሰው አካል ጥናት የጀመርን ዕለት መምህራችን ትምህርቱን የከፈተው ወጌሾችን በመስደብ ነበር። ገና ተመርቆ የመጣ ወጣት ነው፤ ጋዋኑ የመጠቅለያው እጥፋት አልለቀቀውም። «ወጌሻ ማለት የማያውቀውን የሚጎትት ሰው ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ፤ አባቴ ወጌሻ ነውና። ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ ድረስ ከበቅሎ የወደቀ፣ በሠርግ ጭፈራ ትከሻው የወለቀ፣ ሚስቱን «ተንሸራትቼ ነው» ብሎ ያሳመነ ሰካራም ሁሉ የሚመጣው እኛ ቤት ነው። አባቴ ሲያክም የበሽተኛውን ክርን ይዤ የማቆየው እኔ ስለነበርኩ የሰውን ክንድ ከፊደል በፊት ነው ያወቅሁት። መምህሩ ግን የወላጆቻችንን ሥራ ሲጠይቀን «ገበሬ» አልኩ። ውሸትም አይደለም፤ ያርሳል።

አጽሙ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ፕላስቲክ ነው፤ ቢሆንም ቁመቱ ከመምህሩ ይበልጣል። በጭነት መኪና ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር ተዳብሎ ስለመጣ ሁለቱም እጆቹ ከአንጓቸው ተበጥሰው ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ትጉ ሰው ነው፤ ማንንም ሳያስቸግር በሽቦ ቀጠላቸው። ቀኙን በግራ ክንድ፣ ግራውን በቀኝ።

ሰው ቆሞ መዳፎቹን ወደ ፊት ሲያዞር አውራ ጣቶቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ያልታየው ካለ ተነስቶ ይሞክር። የአጽሙ አውራ ጣቶች ግን ወደ ጭኑ ይመለከቱ ነበር። ክፍሉ በሙሉ መዳፉን አዞረና አንዴ እጁን፣ አንዴ አጽሙን አየ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁላችንም እጃችንን ኪሳችን ከተትን። የመንግሥት ንብረት ይሳሳታል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም፤ የተጠራጠርነው የገዛ እጃችንን ነው።

እኔ ግን አላስቻለኝም። «መምህር፣ እጆቹ የተለዋወጡ መሰለኝ» አልኩ። መምህሩ አጽሙን ቀረብ ብሎ አየ፣ ጆሮው ቀላ፣ ንብረት ክፍልን እንድጠይቅ ነገረኝ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ «እኔ ሁለት እጅ ተረክቤያለሁ፤ ይኸው ሁለት እጅ አለ» አለኝ። ትምህርት ክፍሉ ዘንድ ሄድኩ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አንደኛው ስለ አካል ያውቃል ተብሎ የተመረጠ የስፖርት መምህር ነበር። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰበሰበና ናሙናው በጨረታ የተገዛና የተሟላ መሆኑን፣ ፈቶ መግጠም ንብረት ማበላሸት እንደሚሆን፣ ተማሪዎችም በናሙናው መሠረት እንዲማሩ ወስኖ ቃለ ጉባኤውን ፈረመ።

ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንት አለ። በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና ይባላል። በእኛ አጽም ላይ አውራ ጣት ከአልና ጋር ጎረቤት ሆኖ ተቀምጧል። መምህሩ መጽሐፉን ዘጋና «ፈተናው ከአጽሙ ነው የሚወጣው» አለን። ይህን ሲል የሚያየው መስኮቱን ነበር።

እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ፈተና ከክፍሉ ግርጌ ነበርኩ። በአጽሙ ፈተና ከወደቅሁ ከትምህርት ክፍሉ እሰናበታለሁ። አገሬ ገብቼ ምን እላለሁ? ሠፈሩ እኮ ሻንጣዬን ገና ሳላነሳ ነው ዶክተር ያለኝ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የኩታበር ልጅ ናት፤ ነገር አታበዛም። «አንቺ አጽሙን ልታክሚ ነው የመጣሽው ወይስ ልታልፊ?» አለችኝ።

ልታልፍ የመጣች ሆንኩ። በየጠዋቱ መስታወቱ ሥር ቆሜ «አውራ ጣት፣ አልና፤ ትንሿ ጣት፣ ራዲየስ» እል ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ሳቄ ያመልጠኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት መሳቅ ተውኩ። ከዚያ በኋላ ምግብ ለመቀበል ተሰልፌ እንኳ ከንፈሬ ራሱ ይለዋል። በፈተናው ቀን «በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ምን ይባላል?» ተብሎ መጣ። አልና ብዬ ጻፍኩ፤ ሙሉ ማርክም አገኘሁ። ከክፍሉ ራዲየስ ብሎ የጻፈ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። አጉል አዋቂ አልነው።

ለእረፍት ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታችን ከገበያ ስትመለስ ከበቅሎ ወደቀች። በመዳፏ ነው መሬቱን የተመከተችው። ባሏ ደግፎ አመጣት፤ የእጇ አንጓ አብጧል፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አብሽሪ፣ ኸይር ነው» አላት አባቴ። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ከበርጩማው ተነሳ። «ዛሬ እኔ አልይዝም። ልጄ በመጽሐፉ ተምራ፣ ተፈትና፣ አልፋ መጥታለች። እሷ ትይልሽ።»

ኩራቴን አልደብቅም። ተቀመጥኩና መጽሐፉን አስታወስኩ። በመዳፉ የወደቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ራዲየሱ ነው። ትክክል ነው። ጣቴን ራዲየስ ላይ አድርጌ ተጫንኩ፤ በትንሿ ጣት በኩል። ሴትዮዋን እምብዛም አላመማትም። ደግሜ ተጫንኩ። በመምህሬ ድምፅ «አጥንቱ አልተሰበረም፤ ወለምታ ነው። ቢታሽ ይለቃታል» አልኩ።

«አልሃምዱሊላህ!» አለ ባሏ።

አባቴ አምኖኝ ቅቤ አነሳ። ጣቱ በወዲያኛው፣ በአውራ ጣቷ በኩል ገና ሲነካት ሴትዮዋ ጮኻ ከመቀመጫዋ ተነሳች። አባቴ እጁን አነሳ። ፊቴን አላየም፤ ያየው በትንሿ ጣቷ በኩል ተሰክታ የቀረችውን ጣቴን ነው። እኔም አየኋት። ስሙን ሳላውቅ፣ ጥርሴ ሳይነቀል የማውቀውን አጥንት ከአንድ መንፈቅ ትምህርት በኋላ ማግኘት አቅቶኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ ቅቤውን ከእጁ ጠረገ። ሁለት ቀጭን እንጨት አስጠግቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሳያጠብቅ አሰረላት።

«ይኸ መታሸት የለበትም» አለው ባሏን። «አሁኑኑ መካነ ሰላም ሆስፒታል ውሰዳት። ራጅ ትነሳ።»

«ልጅዎ ወለምታ ነው አላለችም እንዴ?»

«መጀመሪያ እንደዚያ መስሏት ነበር። ኋላ ነው በዓይኗ የጠቀሰችኝ» አለ አባቴ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ። «አትሻት ያለችኝ እሷ ናት። እኔማ ላሻት ነበር።»

ሴትዮዋ በዚያ ሕመሟ ላይ ደህነኛውን እጇን ዘርግታ መረቀችኝ። «አላህ ይጨምርልሽ፣ የወለዱሽን ያስደስትብሽ» አለች። አሜን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አጥንቱ በእርግጥ ተሰብሮ ነበር፤ ሆስፒታል በጄሶ ታሽጎ ዳነ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ እጇን ያተረፍኩላት እኔ እንደሆንኩ በየገበያው ታወራለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ በዚያው እጇ ጥብቅ አድርጋ ትጨብጠኝና «ዶክተር» ትለኛለች። እኔም አቤት እላለሁ።