የሙሉጌጥ የክርስትና ልጅ

ሐይቅ ዳር አሳ በልቶ ሙሉጌጥን አላውቃትም የሚል ሰው ወይ አሳውን አልበላም፣ ወይ ዋሽቷል። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጠብሳ፣ ከጎኑ ዓይን የሚያስነባ ዳጣ አስቀምጣ፣ «ብላ፤ ካቃጠለህ ሐይቁ እዚሁ ነው» የምትል ሴት ናት። አንድ አመል ግን አለባት፤ እውነቱ የሳሳ ከመሰላት ታወፍረዋለች። ይህች አመሏ በ2003 ዓ.ም. ጉድ ልትሠራት ነበር።

ሙሉጌጥ በወጣትነቷ የወታደር ሚስት ሆና አስመራ ኖራለች። ለተብርሃን የምትባል ጎረቤቷ ሴት ልጅ ስትወልድ ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። በ1983 ከተማው ሲያዝ ባሏ ከጦሩ ጋር እንደወጣ ቀረ። ለተብርሃን እሷን ጓዳዋ ደብቃ አሰነበተቻትና ስንቅ ቋጥራ ሸኘቻት። ሲለያዩ ሕፃኗን ሶልያናን አሳቅፋ፣ «ይቺ ያንቺም ናት» አለቻት። ሙሉጌጥ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ሐዋሳ ተመልሳ መጥበሻ ጣደች፤ ልጅቷን ግን አልረሳችም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ሐይቅ ዳር አሳ የምትጠብስ ሙሉጌጥ ብሎ ለጠየቀ ስልኳ አይጠፋም።

«እማዬ፣ ሶልያና ነኝ። እናቴ ሞታለች። ድንበር ተሻግሬ ትግራይ ካምፕ ውስጥ ነኝ» አለች፤ አማርኛዋ ይሰባበራል። «ጓደኞቼ ከደላላ ጋር በሱዳን ሊወጡ ነው። እኔም ልከተላቸው ነው።»

«ንቅንቅ እንዳትዪ!» አለች ሙሉጌጥ። «እኔ አስወጣሻለሁ።»

ይህን ስትል በባዶ ሜዳ አልነበረም። ለኤርትራ ስደተኞች አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ኑሮውን የሚችልለት ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ስደተኛ ከካምፕ ወጥቶ ከተማ መኖር ይችላል ተብሏል። ሙሉጌጥ ግን ወዳጅ የሚለውን አላመነችውም። ቢሮ ስለ ወዳጅነት ምን ያውቃል? ስለዚህ «የእህቴ ልጅ ናት» ብላ አመለከተች።

የዋሷን የሙሉጌጥን ኑሮ እንዲያይ ከስደተኞች ቢሮ የተላከው አልአዛር የሚባል፣ ከሐዋሳ ጥግ የቱላ ልጅ ነበር። ቤቷን አየ፤ ለልጅቷ የተነጠፈውን አልጋ አየ፤ ከዚያ መጥበሻው አጠገብ ተቀመጠ።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ የሶልያና እናት በእውነት እህትዎ ነበሩ?»

«የአንድ እናት ልጆች ነን።»

«ልጅቷ ግን ካምፕ ስትጠየቅ የሥጋ ዘመድ የለኝም፤ የክርስትና እናቴ ናቸው ነው ያለችው።»

ሙሉጌጥ ጭልፋዋን አስቀመጠች። አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ደግሞ ፈራች።

«ደንቡ እኮ ወዳጅም ይቀበላል፤ የማይቀበለው ውሸት ነው» አለ አልአዛር። «ደላሎችም ዘመዷ ነኝ እያሉ ነው ልጆች የሚያስወጡት። እርስዎ እንደሚያውቋት በምን ልመን?»

«ዋሸሁ፤ አፌ ይቆረጥ። ልጅቷ ግን የኔ ናት። ደውልላትና የክርስትና ስሟን ጠይቃት። ከዚያ እኔን ትጠይቀኛለህ።»

አልአዛር ጴንጤ ነው፤ ግራ ገባው። «ሶልያና አይደል እንዴ ስሟ?»

«እናንተ ጋ አንድ ስም ይበቃል። እኛ ጋ ስትጠመቅ ቄሱ የሚያወጣው ሌላ ስም አለ። መተተኛ እንዳይሰማው ለጎረቤት እንኳ አይነገርም። እናቷ ታውቀው ነበር፤ ያነሣኋት እኔ አውቀዋለሁ። ደላላ ከየት ያመጣዋል?»

አልአዛር ካምፑ ቢሮ ደውሎ ልጅቷን አስጠራና ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገው። ጠየቃት።

«አልናገርም» አለች ሶልያና። «ለማንም እንዳልናገር እናቴ አስምላኛለች።»

«ካልተናገርሽ እኮ ልረዳሽ አልችልም!»

ሙሉጌጥ ያን ሁሉ ተመክታበት የነበረው ስም ልጅቷን እዚያው ሊያስቀራት ነው። የለተብርሃንን አደራ ጠባቂነት ረገመችም፣ መረቀችም።

«እማዬ አጠገብህ አሉ?» አለች ሶልያና።

«አሉ፤ ይሰሙሻል።»

«እንግዲያው እሳቸው ይጥሩኝ። ስሜ ከሆነ እመልሳለሁ።»

ሙሉጌጥ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ያን ስም ከጠራችው ሃያ ዓመት ሆኗታል።

«እህተማርያም!»

«አቤት፣ እማዬ!» አለችና ልጅቷ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሙሉጌጥም ሽንኩርት ሳትከትፍ አለቀሰች።

አልአዛር ስልኩን ዘጋ። «የሚዋሽ ሰው ስም ይፈጥራል እንጂ አይደብቅም» አለ። «ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ‹የእህቴ ልጅ› የሚለውን ግን ይሰርዙልኛል።»

«እሰርዛለሁ። አንተም የሰማኸውን ስም አልሰማህም።»

ፈቃዱ ከክረምት በፊት ወጣ። ዛሬ ሶልያና ከሙሉጌጥ ጎን ቆማ ቆሮሶ ትሰነጥቃለች። ደንበኛ «ምንሽ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ሙሉጌጥ ቀና ብላ «የክርስትና ልጄ» ትላለች፤ አንዲት ቃል አትጨምርበትም።