ቆመው የሰሙት ቦሌሮ

በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል ሳሎን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚዘፍን ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ በዚያ ሙቀት ነጭ ኮት ይለብሳል። እኔ ደግሞ ገጣሚ ነኝ የምል፣ ማንም ያላመነኝ ወጣት ነበርኩ። ግጥሜን አንብቦ የማይስቅ እሱ ብቻ ስለነበር ታላቅ አርቲስት መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

ሥራ አስኪያጁ ግን ተጠራጠረ። አዲስ ቴፕ ገዝቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና፣ "ስማ ወንድሜ፣ ቴፕ እራት አይበላም፤ የፊታችን ቅዳሜ ሰው ካላስጨፈርክልኝ ቦታህን ለሱ ትለቃለህ" አለው።

ዘፋኙ መላ ያገኘው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ካዋሰው የኩባ ካሴት ነው። አንዲት ቃል ሳይገባው ሙሉውን ሸመደደ። ከገበያ ሁለት ትንንሽ ቅል ገዝቶ፣ በቆሎ ጨምሮባቸው፣ እየነቀነቀ ተለማመደ።

"ኩባ ወዳጅ አገር ስለሆነች ማንም አይከለክለንም" አለኝ። "ወገብ ደግሞ ሳይወድ በግዱ ይነቃነቃል።"

ዕቅዱ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ ቦሌሮ የሚሉት ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን በስፓኒሽ፣ ቀጥሎ በዚያው ዜማ የእኔ የአማርኛ ግጥም፣ ከዚያ ሰው ሲሞቅ ቻቻቻ የሚሉት ፈጣን የኩባ ጭፈራ። ግጥሜ ስለ ላንቴ መንደር ሙዝ ቅጠልና ስለ አንዲት ልጅ ትከሻ ነበር።

ቅዳሜ ሳሎኑ ሞላ። ከጨንቻ የወረዱ መምህራንና የቢሮ ሰዎች ነበሩ፤ መሐል ላይ የአውራጃው ካድሬ የዓሣ ጥብስ ይበላል። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጀመረ።

ካድሬው ማኘኩን አቆመ። ቋንቋው የኩባ፣ ዜማው የተከበረ፣ እጅም ደረት ላይ ነው። የአብዮት መዝሙር መሰለው። አፉን ጠረገ፤ ተነሣና ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ዘረጋ። አጠገቡ ያሉት ተከተሉ። ከዚያ ወንበር ሁሉ ተንኳኳ፤ እኔም ተነሣሁ።

ዘፋኙ ዓይኑን የገለጠው የእኔ ግጥም ጋ ሲደርስ ነው። የተቀመጠ ሰው የለም፤ የሚጨፍርም የለም። ጡጫዎቹን አየ፤ እኔን አየ። ስለ ልጅቷ ትከሻ ለመዝፈን አልደፈረምና ስፓኒሹን ከመጀመሪያው ደገመው። ከዚያም ሠለሰው። ቀድሞ እጁን ለማውረድ የደፈረ ስላልነበረ፣ አንድ መምህር የግራ ክርኑን በቀኝ እጁ ደግፎ ቆመ።

"ጓድ አርቲስት፣ የመዝሙሩ መልእክት ምንድን ነው?" አለ ካድሬው ሲያበቃ።

"ስለ አንዲት ሴት ነው፣ ጓድ" አለ ዘፋኙ እያላበው። "ትታው ሄዳ ነው።"

"ወዴት?"

ዘፋኙ ወደ እኔ ዞረ።

"ወደ ግንባር ነው፣ ጓድ" አልኩ እኔ።

ካድሬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። በየቅዳሜው ዝግጅቱ በዚህ መዝሙር እንዲከፈት እዚያው አዘዘ።

ሥራ አስኪያጁ ከዚያ በኋላ ዘፋኙን ሊነካው አልቻለም። ብቻ ሰው ቆሞ መዝሙሩን ሰምቶ ሲቀመጥ ቴፑን ይከፍታል፤ ያኔ ጭፈራ ይጀመራል። ቻቻቻው አልተዘፈነም። የእኔን ግጥም ማንም አልሰማም።

"ለምን የፍቅር ዘፈን ነው አትላቸውም?" አልኩት አንድ ቀን።

"ተወኝ እባክህ!" አለኝ ኮቱን እየቆለፈ። "አዲስ አበባ እያለሁ ጥብስ እያኘኩ ነበር የሚሰሙኝ። እዚህ ማን ያኝካል?"

ወጥቶ ጀመረ። ሳሎኑ በሙሉ ብድግ አለ።