የጫፌ ቡርቃ ማሰራጫና የፈድሊያ ድምፅ

ፈድሊያ ሰው ፊት ቆማ መናገር የምትፈራ ልጅ ነበረች። ይህን የሚያውቁት ግን እናቷ ዙሀራና ታናሽ ወንድሟ ሸኩር ብቻ ናቸው። ከጅማ ወደ ደዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ በጫፌ ቡርቃ የቀረው ሰው ሁሉ የሚያውቃት በድምፅዋ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጅማ ጨርሳ ስትመለስ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቡና መዛኝ አድርጎ ቀጠራት። ማኅበሩ ያን ጊዜ አንድ የሚያንገበግብ ችግር ነበረበት። ቀይ ቡና ከተለቀመ አያድርም። ገበሬው ከየጎጡ በአህያም በጀርባም ተሸክሞ ወደ ማጠቢያው ይወርዳል፤ ሲደርስ ወይ መፈልፈያ ማሽኑ ቆሟል፣ ወይ ናፍጣ አልቋል፣ ወይ መኪናው ጅማ ቀርቷል። ቡናው ጆንያ ውስጥ እንዳለ ይሞቅና ይሸታል። የዓመት ልፋት ገደል ሲደፋ ፈድሊያ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ታያለች።

"ምናለ ትናንት ብትነግሩን?" ይሏታል ገበሬዎቹ።

በምን ይነገራቸው? ስልክ የለ፣ መንገዱ ጭቃ። አንድ ሽማግሌ የበሰበሰ ቡናቸውን በእጃቸው እያፈሱ ሲያለቅሱ ካየች በኋላ ለብዙ ጊዜ እህል አልዋጥላት ብሎ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ጅማ የነበረ አንድ የውጭ ድርጅት ሥራውን ዘግቶ ሲወጣ፣ ለገበሬ ትምህርት ብሎ ካስመጣቸው ሦስት የራዲዮ ማሰራጫዎች አንዱን መርጣችሁ ውሰዱ አላቸው። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ "ለመሠረተ ትምህርትና ለቡና ምርት ብቻ" ተብሎ ፈቃድ ተገኘ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጀቤሳ ፈድሊያን ይዞ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ወዳለው መጋዘን ሄደ። የሚያማክራቸው ሣህሉ ነበር። ሣህሉ እዚያው ጅማ በበቾ ቦሬ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግን፣ አባቱ ከሸዋ በጸሐፊነት መጥተው የቀሩ፣ እሱ ግን ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል የሚናገር ዝምተኛ ሰው ነው።

ጀቤሳ እንደገባ በትልቁ ማሰራጫ ላይ እጁን ጫነ። "ይኼን እንውሰድ። ጮክ ብሎ የሚናገረውን።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እሱ ጄኔሬተር ሙሉ ቀን ይፈልጋል" አለ ሣህሉ። "ለማሽኑ ናፍጣ አጥታችሁ ለዚህ ከየት ታመጣላችሁ?"

"እሺ፣ ትንሹስ? በባትሪ ድንጋይ ይሠራል አሉ።"

ሣህሉ ትንሹን አስነሣውና ለፈድሊያ ቴፕ ሰጥቶ ወደ መንገዱ ላካት። በዚያ ዘመን በኤፍ ኤም መስመር ላይ በጅማ ምንም ጣቢያ አይሰማም፤ ከጫፍ ጫፍ ሹሹታ ብቻ ነው። በሹሹታው መካከል የሣህሉ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣላት። ትንሽ ቆይቶ ግን ሻከረ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ቁልፉን ስታዞር ካለፈው ቦታ ወዲያ ፈቀቅ ብሎ አገኘችው።

"ሲሞቅ ይንሸራተታል" አላት ስትመለስ። "ገበሬው እጁን ከቁልፉ ሳያነሣ ሊያዳምጥ ነው እንዴ? መካከለኛው ይሻላል። በመኪና ባትሪ ይሠራል፣ ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም።"

"ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው አላልክም?" አለ ጀቤሳ።

"ይሄ ሞገድ ሸለቆ ለሸለቆ አይሄድም፣ ጓድ። ካላየ አይደርስም። ትልቅ ማሽን ጉድጓድ ውስጥ ብናስቀምጥ ከአጥር አያልፍም። ከፍ ያለ ኮረብታና ረጅም አንቴና ካገኘን ይኸኛው ይበቃናል።"

መካከለኛውን ይዘው ተመለሱ። አንቴናውን ከጫፌ ቡርቃ በላይ ባለው ጉብታ ላይ በባሕር ዛፍ ግንድ ሰቀሉት፤ ከሥሩ ቆርቆሮ የለበሰች አንድ ክፍል ቤት ሠሩ። ባትሪው በየጊዜው በወፍጮ ቤቱ ሞተር ይሞላል። የገበሬው ራዲዮ አብዛኛው ኤፍ ኤም ስለማይዝ፣ ማኅበሩ ኤፍ ኤም ያላቸውን ቴፖች ለየቡና ማጠቢያው፣ ለሻይ ቤቶችና ለወፍጮ ቤቶች አደለ።

ሰው ሲፈለግ አማርኛም ኦሮምኛም የምታነብ ፈድሊያ ነበረች። መጀመሪያ ማይክሮፎኑ ፊት ስትቀመጥ ወረቀቱን እየጮኸች ማንበብ ጀመረች።

"አትጩሂ" አላት ሣህሉ። "ለአንድ ሰው ንገሪ። ማንን ትወጃለሽ?"

"ሸኩርን።"

"ለሱ ንገሪው እንግዲህ።"

እንዲህ ጀመረች። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰው በየሻይ ቤቱ ይሰበሰባል። "አካም ኦልተን፣ እንደምን ዋላችሁ" ትላለች። ማሽኑ ነገ ይሠራል፤ መኪናው ነገ አይመጣም፣ ቡናችሁን አትልቀሙ፤ የእገሌ በቅሎ ጠፍታለች፤ እገሌ አርፈዋል፣ ቀብራቸው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ፊደል የሚቆጥሩትንም ታስተምር ነበር። በዚያ የለቀማ ወቅት ገደል የተደፋ ቡና አልነበረም ማለት ይቻላል። ሽማግሌዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ይመርቋታል። "ፈድሊያ ካለች አለች ነው" የሚል አባባል ወጣ።

ሸኩር ግን ይስቅባታል። "ቤት ውስጥ አንድ ቃል አይወጣሽም፣ እዚያ ስትሆኚ ማን ሰጠሽ ይሄን ምላስ?" ይላታል። ሸኩር የከተማዋ ቡድን በረኛ ነበር፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ገና ጢም ያላበቀለ።

ጦርነቱ ሰሜን ነበር፣ ሩቅ። በ1981 ግን እየቀረበ መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና በየቀበሌው ኮታ ይወርዳል፤ ወጣቶች ቀን ቡና ውስጥ ተደብቀው ይውላሉ፣ ማታ ይገባሉ። አንድ ቀን ጀቤሳ ራሱ ወደ ጉብታው ወጣና ፈድሊያን፦

"ደስ የሚል ነገር ይዤልሽ መጣሁ" አላት። "ከጅማ ቡድን ሊመጣ ነው። እሑድ ሜዳው ላይ ጨዋታ አለ። ማሊያም ይታደላል ብለሽ ንገሪልኝ። ከየጎጡ ወጣት ሁሉ ይምጣ።"

ዓይኑን አላየችም። ደስታዋ ዓይን የሚያሳይ አልነበረም። በሁለቱም ቋንቋ አወጀችው፣ ደጋግማም አወጀችው፤ የወንድሟንም ስም ጠርታ "በረኛችን ሸኩር ጎሉን ዘግቶ ይጠብቃችኋል" ብላ ሳቀች።

እሑድ ሜዳው ሞላ። ከደዶ በኩል ካሉ ጎጆዎች ሳይቀር ወጣቶች ቁልቁል ወረዱ። ከጅማ የመጣው ግን ቡድን አልነበረም። ኡራል መኪናዎች በሁለት በኩል ገቡና ወታደሮች ሜዳውን ከበቡት። ፈድሊያ ከጉብታው ላይ ሆና ጩኸቱን ሰማች። ወደ ታች ስትሮጥ ነጠላ ጫማዋ ተበጥሶ ቀረ። ስትደርስ የኋላ መዝጊያዎቹ ተቆልፈዋል። ከአንዱ መኪና ላይ "ፈድሊያ! ለአዳ ንገሪያት!" ሲል ሸኩርን ሰማችው። ለእናታችን ንገሪያት ማለቱ ነው። ምን ብላ እንደምትነግራት ግን አልጨረሰም፤ መኪናው ተነሣ።

ዙሀራ ወሬውን ስትሰማ አልጮኸችም። ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠች ልጇን ቀና ብላ አየቻትና፦

"በአንቺ ድምፅ ነው የሄደው?" አለቻት።



በማግስቱ እናቶች ማኅበሩ ደጃፍ መጡ። የሰደባት የለም፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ሶረቲ የምትባል፣ አንድ ልጇ በሜዳው ተወስዶ ፈየራ የሚባለው ብቻ የቀረላት ሴት፣ የፈድሊያን እጅ ይዛ "የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሻ ያልሽን፤ አንቺ ባትዪን መች እንልካቸው ነበር" አለቻት። በየሻይ ቤቱ ቴፖቹ ተዘጉ።

ጀቤሳን ሄዳ ያዘችው። "አውቀህ ነው?"

"ኮታ ነው፣ ፈድሊያ። ካላሟላሁ እኔን ራሴን ነው የሚጭኑኝ።"

"ወንድሜን!"

"ያንቺ ወንድም እንዲገባ አልፈለግኩም፣ ወላሂ" አለና ፊቱን አዞረ።

ጅማ ወርዳ የተያዙት የታጎሩበትን ግቢ አገኘች። ከሌሎች እናቶችና እህቶች ጋር ዝናብ ላይ ቆማ ዋለች። በር የሚጠብቀው ወታደር በመጨረሻ "ሄደዋል፣ ወደ ማሠልጠኛ ተጭነዋል" አላቸው። የትኛው ማሠልጠኛ? "እሱን እኔም አላውቅም።" ያመጣችለትን ዳቦ ምን እንዳደረገችው አታስታውስም። ወደ ሣህሉ ሱቅ ሄዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"አቃጥለው፣ ጋሼ ሣህሉ" አለችው። "ያንን ማሽን አቃጥለው።"

"ላቃጥለው እችላለሁ፤ አንቴናውን ነቅዬ ባስነሣው ራሱን ያቃጥላል" አለ። "ግን በሱ ቦታ ሞንታርቦ ያመጣሉ። ሌላ ሰው ያናግራሉ።"

 

ለሥራ ካልተመለሰች እናቷም እንደምትጠየቅ ተነግሯት ተመለሰች። የቡናውን ወሬ በሞተ ድምፅ ታነባለች፤ የሚሰማት ይኑር አይኑር አታውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በለቀማው መካከል፣ አንድ ካድሬ ከጀቤሳ ጋር ወደ ጉብታው ወጣ። ከሌላ አገር የመጣ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው ነው። ወረቀት ዘረጋላት። ጨውና ሳሙና በሜዳው ስለሚታደል፣ ከየቤቱ ጉልበት ያለው ወጣት መጥቶ እንዲሸከም ይላል። ሣህሉ ባትሪውን ሊቀይር መጥቶ እዚያው ነበር።

"ሞቅ አድርገሽ አንብቢው" አለ ካድሬው። "እንደ ድሮሽ። ሰው አኩርፏል አሉ።"

ፈድሊያ ማይክሮፎኑን አስጠጋች።  አማርኛውን ቃል በቃል፣ ሞቅ አድርጋ አነበበች። ከዚያ በዚያው ፈገግታ በተቀላቀለው ድምፅ ወደ ኦሮምኛ ዞረች።

"ኩን ሶባ ዳ" አለች። "ሂን ዱፊና። ኢጆሌ ኬሰን ዶክሳ።" ይህ ውሸት ነው፤ አትምጡ፤ ልጆቻችሁን ደብቁ።

የሣህሉ እጅ ማጥፊያው አጠገብ ነበር፤ አልነካውም። ካድሬው ሲጋራውን እያጨሰ ራሱን ነቀነቀ። ጀቤሳ ግን ሰምቷል። ቀና ብሎ አያት።  እሷ ደግማ አለችው፤ የጨውን ወሬ እንደምታወራ ሁሉ እየሳቀች። ጀቤሳ መሬት መሬት ማየት ጀመረ፣ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

"ጥሩ ነው" አለ ካድሬው። "ድምፅሽ ለካ ደህና ነው።"

በተባለው ቀን መኪኖቹ ሲመጡ ሜዳው ላይ ፍየሎች ብቻ ነበሩ። ካድሬው ጀቤሳን ቢሮ አስገብቶ በሩን ዘጋ። ጀቤሳ ሲወጣ ከንፈሩ አብጦ ነበር፤ ፈድሊያ ያለችውንም በአማርኛ ተርጉሞ ሰጥቷል። እሷንም ሣህሉንም በዚያው ዕለት ወሰዷቸው። ማሰራጫውን ከነአንቴናው ነቅለው ጫኑት። ወጣቶቹን ግን እንዲህ በቀላሉ አልተዋቸውም፤ ወታደሮቹ ቤት ለቤት ገቡ፣ ቡናውንም አሰሱ። ገሚሱ አመለጠ፣ ገሚሱ ተያዘ።

ጅማ ውስጥ በአንድ ግቢ ታሰሩ። "ማን ላከሽ? ከየትኛው ወንበዴ ጋር ነው የምትገናኙት?" እያሉ ውስጥ እግሯን ገረፏት። የላካት አልነበረም፤ ያልላካትን ሰው ስም ከየት ታመጣለች? ሣህሉን ማሽኑን ለስለላ ነው የመረጥከው አሉት። በሁለተኛው ዓመት በእስር ቤቱ ተስቦ ገባ። ከወንዶቹ ክፍል አስከሬን ሲወጣ ሴቶቹ በበሩ ቀዳዳ ያያሉ፤ ፈድሊያ ሣህሉን ያወቀችው በጫማው ነው። ያን ቀን ጮክ ብላ አለቀሰች። ከታሰረች ወዲህ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር።

በግንቦት 1983 ጠባቂዎቹ ጥለው ሸሹና በሩ ተከፈተ። እያነከሰች ጫፌ ቡርቃ ገባች። ዙሀራ በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ ደክሟል፤ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነ አልለየችም።

"ሸኩር ነህ?" አለች።

"እኔ ነኝ፣ አዳ።"

ዙሀራ እጇን ዘርግታ ተቀበለቻት፣ ሳመቻት። ግን "ሸኩር ነህ?" ያለችበትን ድምፅ ፈድሊያ ከልቧ ልታወጣው አልቻለችም።

ሶረቲ ልጇን ፈየራን ይዛ መጣች። በጨውና ሳሙናው አዋጅ ምሽት ፈድሊያን ሰምቶ ወደ ጫካው ዘልቆ የተረፈ ነው። "ሕይወቴን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ" ብሎ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። አነሣችው። "አልሀምዱሊላህ" አለች። ዙሀራ የልጁን ክንድ ይዛ አለቅም አለች፤ ዕድሜውን ጠየቀችው፣ ቁመቱን በእጇ ለካች። ፈድሊያ ውሃ ላምጣ ብላ ወጥታ፣ እስኪሄዱ ድረስ አልተመለሰችም።

በዚያ ክረምት የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ይመጣ ነበር፤ የቆሰለ፣ የታረዘ፣ እግር የሌለው። ፈድሊያ ጅማ አውቶቡስ ተራ እየወረደች ከሚወርዱት መካከል ታልፋለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጥራት አልቻለችም፤ እየተጠጋች አንድ በአንድ ትጠይቃለች። "ሸኩር የሚባል፣ ረጅም፣ የጫፌ ቡርቃ ልጅ፣ በረኛ የነበረ።"

አንዱ በምርኩዝ የቆመ ወታደር ለረጅም ጊዜ አሰበላት።

"እህቴ" አላት በመጨረሻ፣ "ሸኩር የሚባል ብዙ ነበር።"

አመሰገነችውና ወደሚቀጥለው ሄደች።