አክስቴና የዓባይ በረሃ አሸዋ

አክስቴ በየበጋው ከቢቸናና ከሞጣ የተሰበሰብነውን የቤተሰቡን ልጆች ይዘው ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው የደረቀ ወንዝ ውስጥ ይጓዙ ነበር። ውሃ ሲጠማን ተንበርክከው አሸዋውን በእጃቸው ይቆፍራሉ። «ውሃው አልሞተም ልጆቼ፣ ተኝቷል» ይሉናል። የመነጨው እስኪጠራ ጠብቀው መጀመሪያ ትንሹን ልጅ ያጠጣሉ፤ እሳቸው የሚጠጡት ከሁላችን በኋላ ነው።

ዘንድሮ፣ አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ ልጆቼ ካልወረድን ብለው ያዙኝና ወረድን። እሳቸው ይቆፍሩበት ከነበረው ሾላ ሥር እስከ ክርኔ ድረስ ቆፈርኩ፤ ደረቅ አሸዋ ነው። ከሾላው ወደ ታች ዝቅ ብዬም ሞከርኩ። ምንም የለም።

«እማማ ቢኖሩ ኖሮ ያገኙት ነበር?» አለችኝ ከንፈሯ የደረቀው ትንሿ ልጄ።

«እንጃ ልጄ» አልኳት።

አዝዬያት ዳገቱን ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንውረድ ያለኝ ልጅ የለም፤ እኔም አላነሳሁላቸውም።