ለድምፅ ሠራተኛዋ የተሰጠ ሁለት ደቂቃ

አክስቴ ከወንበሯ ስትነሳ ቀኝ መዳፏን የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ ዘርግታ ቁልፎቹን ሁሉ ባንዴ ወደ ታች ትስባለች። የመድረኩ ማይክሮፎኖች በሙሉ ይዘጋሉ። ሻይ ልትጠጣም ቢሆን ሳትዘጋ አትነሳም። ድሮ አንድ ቀን ክፍት ትታ ብትወጣ ሁለት የክብር እንግዶች ሦስተኛውን ሲያሙት አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ እሷ ባታስበውም እጇ ያስታውሳል።

ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ደረጃ ተወጥቶ በሚገባባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች፤ ብቻዋን። ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት ምረቃ። የሚተካት ስለሌለ ትኩሳት ይዟትም ትገባለች። ደረጃው ጉልበቷን ጨርሶታል። ረዳት እንዲቀጠርላት አራት ጊዜ ማመልከቻ አስገብታ አራቱንም ጊዜ «እናየዋለን» ተብላለች። ሥራ አስኪያጁን ኮሪደር ላይ ስታገኘው ደግሞ ያልጮኸ ስልክ ያነሳል።

የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ውድድር ሲወጣ ቅጹን ያመጣላት የመድረኩን መጋረጃ የሚከፍተው ሽማግሌ ነው። እሷ በዚህ ዕድሜዬ ዋንጫ ምን ያደርግልኛል ብላ መለሰችለት። እሱ ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ ትቶት ቁጭ አለ።

«እቴ፣ ስለ ዋንጫው ማን አወራ? ያሸነፈ ሰው ሁለት ደቂቃ ይናገራል። አለቃሽ ከፊት ተቀምጦ፣ ሰው እያየው። እስቲ ያኔ ስልክ ያንሳ።»

«ባላሸንፍስ፣ ጋሼ?»

«ካልገባሽበትማ በምን ታሸንፊያለሽ።»

ሞላችው። የምትናገረውን ሦስት ሳምንት ሙሉ ወጥ እያማሰለች ስትለማመድ ሰማኋት። እያሳጠረች እያሳጠረች በመጨረሻ አራት ዓረፍተ ነገር ቀረ። አራተኛው «ደክሞኛል፤ ሰው ቅጠሩልኝ» የሚል ነበር።

በሽልማቱ ቀንም ድምፁን የያዘችው ራሷ ናት፤ ሌላ ማን አለ? ስሟ ሲጠራ ስምንት መቶ ሰው ወደ ኋላ ዞረ። ተነሳች። መዳፏን ዘረጋች፣ ቁልፎቹን ሳበች፣ መደገፊያውን ይዛ ደረጃውን ወረደች።

መድረክ ላይ ወጥታ የምስክር ወረቀቷን ተቀበለችና ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። አራተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ የለም። ከኋላ አንዱ «ድምፅ!» አለ። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ መስታወቱ ክፍል ዞረ። ባዶ ነው። እሷም ቀና ብላ አየችው። ጮክ ለማለት ሞከረች፤ የአዳራሹ ሳቅ ዋጠው። የመድረክ መሪው ሰዓቱን አየና አጨበጨበ፣ አዳራሹም ተከተለው። ሥራ አስኪያጁ እጇን ጨብጦ «ግሩም ንግግር ነበር» አላት።

የሚቀጥለው ዘርፍ ተሸላሚ ቆሞ ይጠብቃል። ማይክሮፎን የሚከፍትለት ስለሌለ፣ ወረቀቷን ብብቷ ስር ይዛ ያን ደረጃ መልሳ ወጣች።

ያሸነፈ ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ አይወዳደርም። እሷ ጡረታ ልትወጣ ሦስት ዓመት ቀርቷታል። እግሯን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ፣ ጻፊው፣ ምናልባት ያነቡት ይሆናል አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ሳልጽፍ እንድተውላት ለመነችኝ።

ክፍሏ ውስጥ ለአዳራሹ ማስታወቂያ የምትናገርበት የራሷ ማይክሮፎን አለ። ያን ቀን ተመልሳ ወጥታ የመድረኩን ከከፈተች በኋላ እሱን አነሳችው። ሰው ጸጥ አለ። ሥራ አስኪያጁም አንገቱን አዙሮ ይጠብቅ ጀመር፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ድምፅዋ ከአራቱም ማዕዘን ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ቀጥሉ።»