ሁለት እህቶች፣ አንድ ክኒን

ልብስ ሰፊዋ ሕመሟን በደንብ ታውቀዋለች። ከትከሻ እስከ ተረከዝ የሚዞር፣ በደም ምርመራም በራጅም የማይታይ ነው። ሐኪሙ «ፋይብሮማያልጂያ» ይለዋል፤ ጎረቤት ደግሞ «ስንፍና»። ቆየት ብሎ ታናሽ እህቷን፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ ያው ሕመም ያዛት። «በልጅነቷ ቀሚሴን ወረሰች፣ አሁን ደግሞ በሽታዬን!» አለች ታላቅየዋ፤ ያኔ እየሳቀች ነበር።

አብረው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ስለ እንቅልፋቸው፣ ስለ ድካማቸው፣ ስለ ሆዳቸው ሳይቀር ጠየቀና ለሁለቱም አንድ ዓይነት ክኒን አዘዘ።

«ማን በዚህ እንደሚሻለው አስቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው» አለ። «በእኔ ግምት ለታናሽዎ ይሠራል፤ ለእርስዎ ግን እጠራጠራለሁ። ለውጥ ከሌለ ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ለታናሽዎ ይሠራል» የሚለው ቃል ከክኒኑ ቀድሞ ታላቅየዋ ሆድ ገባ።

ክኒኑ ያተረፈላት የአፍ መድረቅና ማዞር ብቻ ነው። መቀስ ስታነሳ ክንዷ እንደ ድሮው ይቃጠላል። ታናሽየዋ ግን አንድ ቀን ስፌት ቤቱ ብቅ አለችና ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቀለች። «እትዬ፣ እይኝማ! ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ ምንም አላመመኝም!»

የታላቅየዋ ቆሽት አረረ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ደስ አላላትም። በሽታው ሲመጣ ከእሷ ጀመረ፣ ሲሄድ እሷን ዘሎ!

«እኔም እኮ ድኛለሁ» አለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በቀጠሮው ቀን ታናሽየዋ ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ ሁለታችንም ድነናል!» አለች።

ሐኪሙ ወደ ታላቅየዋ ዞረ። «እውነት? እኔ እኮ መድኃኒትዎን ልቀይርልዎ ተዘጋጅቼ ነበር። ተሳስቻለሁ ማለት ነው?»

«አልተሻለኝም» ብትል ይበቃ ነበር። ታናሽየዋ ግን ፊቷ ወዝ አውጥቶ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ አጠገቧ ተቀምጣለች። በእሷ ፊት? ሞቼ ነው ቆሜ!

«ተሳስተዋል፣ ዶክተር» አለች።

«እንኳን ተሳሳትኩ!» አለ ሐኪሙ፤ ደስ ብሎት ያንኑ ክኒን አስቀጠላት።

በር ላይ ታናሽየዋ ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። «እትዬ፣ ዛሬማ ታክሲ ምን ያደርግልናል? እስከ ቤት በእግራችን እንሂድ!»

ታላቅየዋ ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች። «እንሂድ» አለችና፣ እንዳትቀደም ፊት ፊት መራመድ ጀመረች።